ያልደረስኩት ለቅሶ

ውድ አርቪድ፣

ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁለቱን ላሞቼን አሁንም እዚሁ ካንሳስ ራሴ አልባለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ፣ ከተማ ስወርድም መኪናዬን ማንም አይነዳልኝም። ልጄ ሩት "እኛ ጋ ግባ" እያለች በየወሩ ትጨቀጭቀኛለች፤ እምቢ ብያታለሁ። የማልችለው ነገር ቢኖር መጻፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ድሮም አልችልም። ትምህርት ቤት የገባሁት ብርዱ እርሻ ሲያስፈታን ብቻ ነበር። ፊደሌ ቢጠማዘዝ ሳቅብኝ፣ ደብዳቤውን ግን አትጣለው።

ዓይንህ እንደደከመና የምታነብልህ ሲግኒ እንደሆነች ሩት ነግራኛለች። ሲግኒ፣ የኔ ልጅ፣ አባትሽ "ይበቃል፣ እጠፊው" ቢልሽ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቢለት። እሱ ደህና አድርጎ የሚሰማው ሲናደድ ነው።

እስካሁን የናንተን ወሬ የምሰማው በሚስቴ በሄሌና በኩል ነበር። በየገናው ካርድ ስትልክላችሁ ከታች "ቶቢያስም ሰላም ብሎሃል" ብላ ትጽፍ ነበር። እኔ እንዲህ በይልኝ ብያት አላውቅም። አትጻፊም አላልኳትም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያንን መስመር ስትጽፍ እያየሁ፣ ጫማዬን እቀባለሁ። አሁን እሷ ካረፈች ዓመት አልፏታል፤ ባለፈው ገና ሰላምታዬን የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለው ነገር ሲቀር ነው ለካ የሚታወቀው።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንዷ የታሪክ አስተማሪዋ ሚስ ፕሩይት ናት። ሌላው ድዋይት ቦግስ ይባላል፤ መውቂያ ማሽኑን በየማሳችን እያዞረ ስንዴያችንን ይወቃልን የነበረው የክላረንስ ቦግስ የልጅ ልጅ። አፍንጫውን ብታየው አትጠራጠርም።

"አቶ ሽራግ፣" አለኝ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ልናቆምልዎ ነው።"

"ሳልሞት?"

"የመቃብር አይደለም እኮ! መታሰቢያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲጮህብዎ በእምነትዎ ስለጸኑ ነው።"

"አያትህም ከጯኺዎቹ አንዱ ነበር።"

ፊቱ ቀላ። "አውቃለሁ። እኔ ራሴ የመጣሁት ለዚያ ነው፣ አባት።"

መልሱን ወድጄዋለሁ። አልነገርኩትም እንጂ።

ሚስ ፕሩይት መነጽሯን አድርጋ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን አነበበችልኝ። "ቶቢያስ ሽራግ፤ ሁሉ ሲያጎነብስ ብቻውን የቆመ ሰው" ይላል።

"ብቻዬን አልነበርኩም" አልኳት።

"ሌላ ማን ነበር?"

"አርቪድ ሊንድ።"

ወረቀቶቿን አገላበጠች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ሥራዋን ታውቃለች። "አቶ ሊንድ እኮ የጦርነቱን ቦንድ ገዝተዋል" አለችኝ። "የልጃቸውም ስም የዘማቾቹ ሐውልት ላይ አለ። ታዲያ እሳቸው የወሰዱት አቋም ምን ነበር?"

እኔ፣ በሕይወቴ ለማንም መልስ አጥቼ የማላውቀው ሰው፣ የጠረጴዛዬን እንጨት ሳሻሽ ቆየሁ። ሲጨንቃቸው ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጠን ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሷ የምመልሰውን ሳሰላስል ሰንብቼ፣ መጀመሪያ መናገር ያለብኝ ላንተ መሆኑን አወቅሁ።

አንተ የነበርክበት ነው። ሲግኒ ግን ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ እሷም ትስማው።

ያ ዓመት፣ ሲግኒ፣ መንግሥት ለጦርነቱ ማስኬጃ የሚሸጠውን ቦንድ ያልገዛ ሁሉ ከሃዲ የሚባልበት ዓመት ነበር። እኛ ሜኖናይቶች ከአያት ከቅድመ አያታችን ጀምሮ ጦር አናነሳም። በዚያ ላይ የቤታችን ቋንቋ ጀርመንኛ ነው፣ የጠላት ቋንቋ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መክረው መክረው "ገንዘቡን ስጧቸውና ይተዉን" አሉ። ሁሉም ገዛ። እኔ ለሰው መግደያ አልሰጥም አልኩ። ለቁስለኛ፣ ለተራበ የሚሆን ከፈለጋችሁ ከበረቴ ላም ንዱ አልኳቸው። ላም አልፈለጉም። በግንቦት አንድ ጠዋት የጎተራዬ በር በቢጫ ቀለም ተለቅልቆ አገኘሁት። ቢጫ የፈሪ ቀለም ነው።

ሄሌና "ቀይ ቀለም አለን፤ ዛሬውኑ ቀባው" አለችኝ።

"የቀቡት እነሱ ናቸው፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ ይዩት" አልኳት።

ብዙ ዓመት እንደዚያው ኖረ። እነሱማ ጥቂት አይተው ረሱት። ልብስ ስታሰጣ ጀርባዋን ለዚያ በር ሰጥታ የኖረችው እሷ ናት።

አንተ በሩን ስታየው ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ምነው ይህን ሁሉ ቀለም አባከኑት፣ ግንባርህን ቢቀቡት ይበቃቸው ነበር።" ስቄ ሳልጨርስ ግን ፊትህ ጠቆረ። ጉስታቭ ፈረንሳይ ነበር። "ልጄ እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ቶቢያስ" አልከኝ። "አንተ የምትከለክለው ጥይት እሱን ሊገድል የሚመጣውን የሚያስቆመው ነው።" እኔም "የሚመጣውም የሰው ልጅ ነው" አልኩህ። እግሬ ሥር ተፍተህ ሄድክ። ትክክል ነበርክ አልልህም። ትክክል አልነበርክም አልልህም። ልጁ ያንተ ነበር።

ከዚያ ውቂያ ደረሰ። ወንፈላችን እንዴት እንደነበር ለሲግኒ ልንገራት። አንድ ሰው ማሳህ ላይ አንድ ቀን ከዋለልህ አንድ ቀን ትውልለታለህ። በሌላ ነገር አይመለስም፤ ቀን የሚመለሰው በቀን ነው። ማሽኑ በተራ ይዞራል፣ ወንዱ ሁሉ መንሹን ይዞ ይከተለዋል፣ የባለተራው ሚስት ምሳ ታበላለች። ምሳው ደግሞ የሴትየዋ ስም ነው። ማን ቤት ምን እንደተበላ እስከሚቀጥለው ዓመት ይወራል።

በየቤቱ ስዞር ከለከሉኝ? አልከለከሉኝም። የሚያነጋግረኝ የለም እንጂ ነዶአቸውን ስጭን፣ ላቤ ሲንጠፈጠፍ ዝም ብለው ያያሉ። ቀኖቼን ሁሉ ወሰዱ። አንተ ጋም አንድ ቀን ዋልኩ። የኔ ተራ ሲደርስ ሄሌና ሁለት ቀን ሙሉ ከምድጃው አልተለየችም። ዶሮው፣ የተጋገረው ባቄላ፣ ድንቹ፣ የፖም ፓዩ፣ ከምን ከምን እንዳመጣችው አላውቅም። ረጅሙን ጠረጴዛ ወደ ዛፉ ጥላ ሥር አስወጣችኝ። ለመታጠቢያ ውሃና ፎጣ ሳይቀር በየቦታው አዘጋጀች። "የጠሉህ ቢሆኑም ወጤን ሳይቀምሱ አይሄዱም" ብላ ስትፎክር ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ የማሽኑ ጭስ መንገዱ ላይ ታየ። እያጓራ መጣ። በራችን ጋ ሲደርስ ክላረንስ ፊሽካውን ሳበው፤ ረጅም አድርጎ ነፋው፤ አለፈ። ጋሪዎቹም ተከትለውት አለፉ። አንዱማ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ፣ ለፌዝ።

ሄሌና ማንኪያ እንደያዘች ደጃፍ ላይ ቆማለች። "ረሱን እንዴ?" አለችኝ። ረሱን። እንዲህ ነው ያለችው።

የመጨረሻው ጋሪ ያንተ ነበር። ፈረሶችህን ስታዞር አየሁ። ክላረንስ ከማሽኑ ላይ ሆኖ ጮኸ።

"አርቪድ! ልጅህ ምሽግ ውስጥ ነው፣ አንተ ለፈሪ ነዶ ልትሸከም ነው?"

"የሱ አንድ ቀን አለብኝ!"

"እንግዲያው ካሁን በኋላ ከኛ ጋር ቀን አትቆጥርም!"

"አንተ ደግሞ መቼ ቆጥረህ ታውቃለህ፣ ክላረንስ? ስንዴ ስትሰፍርልን አይተንሃል እኮ!"

ከዚያ ግቢዬ ገብተህ ከጋሪው ወረድክ። እጄን ልዘረጋልህ ስል መንሽህን አቀበልከኝ።

"እንዳይመስልህ፣" አልከኝ፣ "እኔ ካንተ ጋር አይደለሁም። ተሳስተሃል። ድርቅ ያልክ አህያ ነህ። የመጀመሪያውን ክምር የት ላድርገው?"

ማሽን ከሌለ ምን ይደረጋል? ዝናብ ሳይቀድም ነዶውን ከምሮ ማቆየት ነው፤ ሌላ ማሽን እስኪገኝ። ክምር ደግሞ እንዳንተ የሚያውቅበት አላየሁም። እያንዳንዷን ነዶ በጉልበትህ እየረገጥክ፣ ዘለላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ አዘቅዝቀህ ስታስተኛ፣ ውሃ ከላዩ ይንሸራተታል እንጂ አይገባውም። እኔ አቀብላለሁ፣ አንተ ትከምራለህ፣ ከላይ ሆነህ ትሰድበኛለህ። ቀትር ላይ ለሃያ ሰው በተዘረጋ ጠረጴዛ ጫፍ ሁለታችን ተቀመጥን። ሄሌና እያለቀሰች ሳህንህን ትሞላለች፣ ትሞላለች።

"ሄሌና፣" አልካት፣ "የሃያውንም ድርሻ እኔ ልበላው ነው? ቀብረሽኝ ነው የምትገላገይው?"

ሳቀች። ሻሿን፣ ማለቴ ያንን ነጭ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። (ይኸው፣ ስቸኩል ተሳሳትኩ። አልሰርዘውም፤ ወረቀት ይበላሻል።) ብዙ ጊዜ ሳትስቅ የኖረች ሴት በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት አሳቅካት። ዕዳህ አንድ ቀን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መጣህ።

ከዚያ ወዲያ አንተንም ከወንፈሉ አወጡህ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አጠገብህ የሚቀመጥ ጠፋ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ካንተ በኋላ የመጣው ሁሉ ቀድሞህ ያስፈጫል። ቦንድ ገዝተህ፣ ልጅ ሰጥተህ፣ እንደኔ ከሃዲ ተባልክ። እኔ እምነቴ ደግፎ አቁሞኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኔ ባይገባው መጽሐፌ ነበረኝ። አንተን የደገፈህ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት ላይ ቴሌግራሙ መጣ።

ስለ ጉስታቭ ብዙ መጻፍ አልችልም። በጥርሱ መሃል ያፏጭ ነበር። ሩትን ኩሬው ላይ በበረዶ መንሸራተት ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትወድቅ አብሯት ይወድቅ ነበር፣ እንዳታፍር። ይህን አንተ የምታውቀው አይመስለኝም።

ሄሌና ድስቷን ጠቅልላ ጋሪው ላይ ወጣች፣ እኔ ነዳሁ። ቤታችሁ ስንደርስ የቦንድ ኮሚቴው ሰዎች ለሞተው ዘማች ክብር ብለው ደጃፋችሁ ላይ ትልቅ ባንዲራ ሰቅለዋል። ከሥሩ ሳያልፉ መግቢያ የለም። ልጓሙን ያዝ አደረግሁ።

"ውረድ እንጂ" አለችኝ።

"ከዚያ ሥር አላልፍም።"

"ጨርቅ እኮ ነው፣ ቶቢያስ።"

"ጨርቅ ከሆነ ያውርዱት።"

"አንተ ሰውዬ! ሰው ሞቶ ነው የመጣነው። የአርቪድ ልጅ ነው የሞተው!"

"ፈረሶቹን ማን ይይዛቸዋል?" አልኳት።

አየችኝ። ድስቷን አቅፋ ብቻዋን ወረደች፣ ገባች። እኔ ፈረስ ይዤ ቀረሁ። ለቅሶ ቤት ደጅ፣ ሰው እያየኝ፣ ፈረስ ይዤ።

ትንሽ ቆይተህ አንተ ወጣህ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እዚያው ቆመህ አየኸኝ፣ አየሁህ። ና አላልከኝም፣ ሂድም አላልከኝም። በሩን ሳትዘጋ ተመልሰህ ገባህ። ብርድ ነበር። ሄሌና ኋላ እንደነገረችኝ ለቅሶ የመጣው ሰው ኮቱን ደርቦ ነበር የተቀመጠው፤ በሩን ሊዘጋ የተነሳውን ሁሉ አንተ "ተወው" ትለው ነበር። እኔ ከጋሪው ላይ በዚያ በር ውስጥ የሰው እግርና የምድጃውን እሳት አያለሁ። እስኪመሽ አየሁት። አልወረድኩም።

ስንመለስ መንገድ እኩል ላይ "ምን አለ?" አልኳት።

"ፈረሶቹ ውሃ ጠጥተዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ" አለችኝ።

በመጋቢት ቤትህን ሸጠህ፣ ዕቃህን ጭነህ ወደ ኦሪገን ስትሄድ በእርሻዬ ዳር አለፍክ። እኔ አጥር እየጠገንኩ ነበር። እጅህን አነሳህ። እኔም መዶሻ የያዘ እጄን አነሳሁ። ስንብታችን ይኸው ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቱ።

አርቪድ፣ ስለ ቦንዱ አልጸጸትም። ዛሬ ተመልሰው ቢመጡ ዛሬም አልገዛም፣ ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ስለዚያ ጋሪ ግን አንድ ቀን እንኳ ደህና እንቅልፍ አላገኘሁም። ያኔ እምነቴ ነው ብዬ ነበር። እምነቴ ቢሆን ኖሮ ደስ ባይለኝም ያረጋጋኝ ነበር፤ ቦንዱን እምቢ ስል አረጋግቶኛል። ጋሪው ላይ የያዘኝ ነገር "ቶቢያስ ባንዲራ ሥር አለፈ" እንዳይሉኝ ነው። ክላረንስ ቦግስ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ የልጅህን ለቅሶ አልደረስኩም። አንተ ያው ክላረንስ እየጮኸብህ ጋሪህን ያዞርክ ሰው ነህ። ልዩነታችን ይህን ያህል ነው፤ ድንጋይ የሚቆመው ደግሞ ለኔ ነው።

ሚስ ፕሩይት ለጠየቀችኝ መልሴን አገኘሁ። ነገ ከተማ ወርጄ እንዲህ እላታለሁ፦ አርቪድ ሊንድ ተሳስተሃል ያለውን ሰው ነዶ ተሸከመ፤ ለዚያም ቤቱን ለቀቀ። ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ የኔንም አትጻፉ። ድዋይት ይለማመጠኝ ይሆናል፤ ልጁ ልቡ ደህና ነው፤ አያቱን ሊክስ ነው የሚደክመው። ከተማውም እንደገና ግትር ሊለኝ ነው። ይበሉኝ። አንተም ስምህ ድንጋይ ላይ መውጣቱን እንደማትወድ አውቃለሁ፣ ስድብህ ከዚህ ይሰማኛል። አይወጣም፤ እነሱ አይጽፉትም፤ የኔም አይወጣም።

እንግዲህ ያለብኝን ቆጥሬልህ ላብቃ። ልጆቼ ሊያግዙኝ ይፈልጋሉ። ይህን ግን ራሴ ነኝ የምከፍለው።

የነዶ ሥራ አለብኝ፤ ያ ሳምንት፣ አንዷ ቀን ሲቀነስ። አሁን ስንዴ እንደሌለህ አውቃለሁ። እንጨት አታጣም፣ አጥር አታጣም። እዚህ ካንሳስ ዝናቡ ዘንድሮም ስለዘገየ አዝመራው ቶሎ ያልቃል፤ እንዳለቀ በባቡር እመጣለሁ። ሲግኒ፣ መጥረቢያ አትፈልጊልኝ፣ የራሴን አመጣለሁ። አባትሽ ወንበር አውጥቶ ይሰድበኝ።

ሄሌናን ያሳቅህበት አለብኝ። በምን እንደሚከፈል አላወቅሁም። መንገድ ላይ አስብበታለሁ።

በግንቦት መጨረሻ የሙታን መታሰቢያ ዕለት የዘማቾቹ ሐውልት ጋ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ባንዲራው እንደሚኖር አውቃለሁ። እጅ አልነሳለትም፤ ከሥሩ ግን አልፋለሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ የጉስታቭን ስም እፈልጋለሁ። ማን እንደሚያየኝ ዞሬ አላይም።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶው ነው። እሱን ቤትህ መጥቼ እደርሳለሁ። አጠገብህ እቀመጣለሁ፣ አንተ ስለ ልጅህ ታወራልኛለህ፣ ከተወለደበት ቀን ጀምረህ። እኔ አልከራከርህም። ስለ ጦርነቱም፣ ስለ ጥይቱም አንዲት ቃል አልመልስልህም። ጨርሻለሁ እስክትለኝ አልነሳም።

ጎረቤትህ፣
ቶቢያስ ሽራግ